ያልተለየ ሕመም፣ ያልቆመ መድኃኒት፦ የቃርና የጨጓራ ሕክምና ዳሰሳ

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች መድኃኒት ቤት ገብቶ «የጨጓራ መድኃኒት ስጡኝ» ላለ ሰው ኦሜፕራዞል ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ማዘዣም አይጠየቅም። ዋጋው ከሌሎች መድኃኒቶች አንጻር የሚከብድ አይደለም፣ ሕመሙንም በእርግጥ ያስታግሳል። ሰውየው ከሳምንታት በኋላ ሲያቋርጠው ጨጓራው ይነሳበታል፣ ተመልሶ ይገዛል። እንዲህ እያለ አምስትና ዐሥር ዓመት የዘለቀ ሰው የሌለበት ቤተ ዘመድ ያለ አይመስለኝም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ያልፋሉ። የሚታከመው ሕመም የትኛው ነው? ሕክምናውስ የሚያበቃው መቼ ነው? ስለ ቃርና ስለ ጨጓራ መቆጣት እስካሁን የታወቀውን ስመለከት፣ ታማሚዎቻችንን ለዓመታት የሚያንገላታቸው ከመድኃኒት እጦት ይልቅ ሳይለዩ መጀመርና ሳያረጋግጡ መተው ሆኖ አገኘዋለሁ።

ጨጓራ ምግብ የሚያላምበት አሲድ እጅግ ጠንካራ ነው። የጨጓራ ግድግዳ ይህን አሲድ የሚችለው ዝልግልግ ሽፋን ስላለውና አሲዱን የሚያረክስ ፈሳሽም ከሥሩ ስለሚመነጭ ነው። ከላይ ያለው የምግብ ቧንቧ ግን ይህን ያህል መከላከያ የለውም። የሚጠብቀው ግርጌው ላይ ያለው የጡንቻ ቀለበት ነው፤ ለሚዋጠው ምግብ ይከፈታል፣ መልሶ ይዘጋል። ቀለበቱ ያለጊዜው ሲላላ፣ ወይም የጨጓራ የላይኛው ክፍል ሆድና ደረትን በሚለየው ጡንቻ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት ሲገባ፣ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ደረት ያቃጥላል፣ ጎምዛዛ ውሃ አፍ ድረስ ይመጣል፣ አንዳንዱን ሌሊት ያስለዋል፣ ጠዋት ድምፁን ይዘጋዋል። ቃር ይህ ነው። አብዛኛው የቃር ታማሚ ከሌላው ሰው የበለጠ አሲድ አያመነጭም። የሚጎዳው አሲዱ የማይገባው ቦታ ስለሚደርስ ነው።

የጨጓራ መቆጣት ከዚህ ይለያል። እዚህ የሚጎዳው የጨጓራ ግድግዳ ራሱ ነው፤ ባክቴሪያ፣ የሕመም ማስታገሻዎች፣ አልኮል፣ አልፎ አልፎም ራሱን የሚያጠቃ የሰውነት መከላከያ ያስቆጡታል። ከእምብርት በላይ ይሞረሙራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ይነፋል፣ ትንሽ ተበልቶ ይጠገባል። መቆጣቱ ሲጠልቅ ቁስለት ይሆናል። ሦስተኛም አለ፤ ሰውየው በግልጽ እየታመመ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ባለ ካሜራ ቱቦ) ሲታይ ጨጓራው ደህና የሚሆንበት። የጨጓራ ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ መሆናቸው፣ ጨጓራውም ምግብ ለመቀበል በወጉ አለመለጠጡ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ናቸው። ይህ ሕመም የምር ሕመም ነው፤ «ምንም የለብህም» ተብሎ የተሸኘ ታማሚ ከሐኪም ሐኪም የሚዞረው ይህን የሚያስረዳው ስላጣ ነው። ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት ያባብሱታል፣ ሐኪሞችም አንዳንዴ በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ የነርቭ መድኃኒት ያዙለታል። ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ። የሚታከሙት ግን በአንድ መንገድ አይደለም።

ስለ ባክቴሪያው ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚያመዝነው እሱ ነውና። እስከ 1980ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ድረስ የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የቅመም ውጤት ነው ተብሎ በሕክምና ትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። በአውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ፣ ሮቢን ዋረን የተባለ የፓቶሎጂ ሐኪም ከታማሚዎች ጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ደጋግሞ አየ። ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል አብሮት መሥራት ጀመረ፣ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማሳደግ ያደረጉት ሙከራ ግን እየከሸፈ ሄደ። በ1982 የፋሲካ በዓል ምክንያት ሳህኖቹ ከተለመደው ሁለት ቀን አልፈው በማሞቂያው ውስጥ ስለቆዩ ባክቴሪያው በቀለ። ማርሻል ያላመኑትን ለማሳመን በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አቅለሸለሸው፣ አስመለሰው፣ በኢንዶስኮፒ ሲታይም ጤነኛ የነበረው ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በተለምዶ ኤች ፓይሎሪ የምንለው ይህ ነው። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ከመጀመሪያው ምድብ አስገባው፤ ሁለቱ ሐኪሞችም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኤች ፓይሎሪ በአብዛኛው የሚይዘው በልጅነት ነው፤ ከቤተሰብ፣ ከተጨናነቀ ኑሮ፣ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ውሃና ምግብ። በአሲዱ መካከል የሚኖረው ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚቀይር ኢንዛይም ስላለው ነው፤ በዙሪያው ያለውን አሲድ እያረከሰ ከዝልግልጉ ሽፋን ሥር ይሸሸጋል። በኢትዮጵያ በተለያዩ አካባቢዎች የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከተመረመሩት ግማሽ ያህሉ ተይዘው ተገኝተዋል። ይህ ማለት ግማሹ ሰው ታሟል ማለት አይደለም። አብዛኛው ዕድሜ ልኩን ምንም ሳይሰማው ይኖራል፤ ከተያዙት ከ10 ሰዎች አንዱ ገደማ ቁስለት ይይዘዋል፣ የጨጓራ ካንሰር የሚያገኛቸው ከ100 ከ1 እስከ 3 ናቸው።

ግራ መጋባቱ ከምርመራው ይጀምራል። በደም የሚሠራው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ሰውየው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከባክቴሪያው ጋር መገናኘቱን ይናገራል እንጂ ዛሬ በጨጓራው ውስጥ መኖሩን አይናገርም። የዳነ ሰው ደም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት «አለ» እያለ ይቀጥላል። በዚህ ውጤት ብቻ ሦስትና አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች አሉ፤ ምናልባት ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ድነው የነበሩ ሰዎች። ይህን ስሰማ ያሳዝነኛል፤ በቀላሉ የሚቀር ሥቃይ ነውና። አሁን ያለውን ባክቴሪያ የሚያሳዩት የሰገራ አንቲጂን ምርመራ፣ የትንፋሽ ምርመራና በኢንዶስኮፒ የሚወሰድ ናሙና ናቸው። ከነዚህ በአገራችን በስፋት የሚገኘው የሰገራው ነው። እሱም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ባክቴሪያውን ስለሚያዳክሙት ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት መቆም አለባቸው፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ አራት ሳምንት። መድኃኒቱን እየዋጠ የተመረመረ ሰው «የለብህም» ቢባል ውጤቱ አይታመንም።

ሕክምናው አሲድ ቀናሽ መድኃኒትን ከሁለት አንቲባዮቲኮች ጋር ያጣምራል፤ ለረጅም ዓመታት የተለመደው አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ናቸው፣ በተለምዶም ለ14 ቀናት። ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን እየለመደ በመሄዱ በ2024 የወጣው የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ ቢስመዝ ያለበትን የአራት መድኃኒቶች ጥምረት አስቀድሟል። ለአሜባና ለጃርዲያ እያልን በየጊዜው የምንውጠው ሜትሮኒዳዞልንም ባክቴሪያው ይለምደዋል፤ ለጨጓራው በሚያስፈልግበት ቀን ኃይሉ ተዳክሞ ይገኛል። ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ የሚታከም ሰው ከዚህ በፊት የወሰዳቸውን አንቲባዮቲኮች ስም ለሐኪሙ መንገር አለበት። ያልሠራውን ክላሪትሮማይሲን መድገም ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። ደግሞም በሰባተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ማቆም ባክቴሪያውን ማጠናከር ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ከሕክምናው በኋላ ያለው ምርመራ ነው። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ አሲድ ቀናሹም ሁለት ሳምንት ቆሞ፣ ሰገራው ወይም ትንፋሹ እንደገና መታየት አለበት። ባክቴሪያው መጥፋቱ የሚታወቀው በምርመራ ብቻ ነው። ሕመሙ መሻሉ ማስረጃ አይሆንም፣ አለመሻሉም ባክቴሪያው መኖሩን አያሳይም። ከዓመት በኋላ «ተመለሰብኝ» የሚባለው ብዙው ባክቴሪያ መጀመሪያውኑ ያልጠፋ ነው። ታማሚ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ሐቅ አለ፤ ቁስለት የሌለበት፣ የሆድ ማቃጠል ብቻ ያለው ሰው ባክቴሪያው ስለጠፋለት ብቻ ሕመሙ ሁልጊዜ አይድንም። ጥናቶች ሲደመሩ በዚህ ሕክምና የሚድነው ተጨማሪ ሰው ከ14 አንድ ገደማ ነው። ባክቴሪያውን ማጥፋት ቁስለት እንዳይመለስና የካንሰር ስጋት እንዲቀንስ ያደርጋል፤ ለዕለቱ ማቃጠል ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ሊያስፈልግ ይችላል።

ያ ሌላ ምክንያት ብዙ ጊዜ በቦርሳ ውስጥ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፕሪን የጨጓራን ሽፋን የሚያድሱትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይቀንሳሉ። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት እየተባለ በየቀኑ ሲወሰዱ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቁስለትና የጨጓራ መድማት ሊያመጡ ይችላሉ። በመርፌ መወሰዳቸው አያድንም፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ዞሮ ጨጓራ ይደርሳል። በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶቻችን ለጉልበታቸው የሚውጡት ምን እንደሆነ ልጆቻቸው አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢያዩ ብዙ ደም መፍሰስ ይቀራል። ለልብ ሕመም በሐኪም የታዘዘ አስፕሪንን ግን ማንም በራሱ ማቆም የለበትም፤ ጨጓራን የሚጠብቅ መድኃኒት ይጨመርለታል።

አሁን ወደ ኦሜፕራዞል። በአውሮፓ ገበያ የገባው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ከሱ በፊት ሲሜቲዲንና ራኒቲዲን ነበሩ፤ ራኒቲዲን በውስጡ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ኤንዲኤምኤ የተባለ ኬሚካል በመገኘቱ በ2020 አሜሪካ ከገበያ አስወጥታዋለች። ኦሜፕራዞል የሚሠራው አሲድ የሚረጩትን የጨጓራ ፓምፖች በመዝጋት ነው፤ የሚዘጋው ግን በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ነው። ፓምፖቹን የሚያስነሳው ምግብ ነው። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲወሰድ ጉልበቱን ያሳያል፤ ጠግቦ በልቶ በመኝታ ሰዓት የዋጠው ሰው ጥቅሙ ይቀንስበታል። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ከሚሉት ብዙዎቹን ያጋጠማቸው ይህ ነው፤ ሐኪም መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ሰዓቱን መጠየቅ አለበት።

ሲያቆሙት ሕመሙ ለምን ይነሳል? በ2009 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ጥሩ መልስ ይሰጣል። ምንም የጨጓራ ሕመም የሌለባቸው 120 ጤነኛ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ለስምንት ሳምንት የኦሜፕራዞል መሰል የሆነውን ኢሶሜፕራዞል ከዚያም ለአራት ሳምንት ባዶ ክኒን፣ ሌሎቹ ሙሉውን ጊዜ ባዶ ክኒን ወሰዱ። በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት መድኃኒቱን ካቆሙት 44 በመቶው ቃር ወይም የሆድ ማቃጠል ተሰማቸው፤ ከሌሎቹ ግን 15 በመቶው ብቻ። አሲድ ለሳምንታት ሲታገድ ሰውነት አሲድ የሚያመነጩ ሴሎችን ይቀሰቅሳል፣ እገዳው ሲነሳ የተከማቸው ኃይል አንድ ላይ ይወጣል። እንግዲህ መድኃኒቱን ባቆመ በሦስተኛው ቀን ጨጓራው የተነሳበት ሰው ሕመሙ አልዳነም ማለት ላይሆን ይችላል። በአንድ ቀን ከመቁረጥ ይልቅ መጠኑን መቀነስ፣ ከዚያ ቀን አለፍ መውሰድ፣ በመሃል ሲያቃጥል በአንታሲድ ሽሮፕ ማለፍ ብዙዎችን ያሳልፋል። የተቀሰቀሰው አሲድ በሳምንታት ውስጥ ይረጋጋል።

ስለ ረጅም ጊዜ አጠቃቀሙ የሚወራው ፍርሃት ደግሞ በሌላ በኩል ያለ ጥፋት ነው። ኩላሊት ያበላሻል፣ አጥንት ይሰብራል፣ መርሳት ያመጣል የሚሉ ዜናዎች የመጡት በአብዛኛው መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎችን ከማይወስዱ ጋር ካነጻጸሩ ጥናቶች ነው፤ የሚወስዱት ደግሞ ከመነሻው ይበልጥ የታመሙ ናቸው። ከ17,000 በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በአማካይ ሦስት ዓመት የተከታተለ፣ በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት የዚያው ቤተሰብ በሆነው በፓንቶፕራዞል ተጠቃሚዎች ላይ በግልጽ ከፍ ብሎ ያገኘው የአንጀት ኢንፌክሽንን ብቻ ነው፤ 1.4 በመቶ ከ1.0 በመቶ ጋር። ለዓመታት የሚወስድ ሰው የቫይታሚን ቢ12ና የማግኒዥየም መጠኑን አልፎ አልፎ ማሳየቱ አይከፋም፤ በተለይ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን የሚወስድ ከሆነ፣ እሱም ቢ12ን ይቀንሳልና። የምግብ ቧንቧው ክፉኛ የቆሰለ፣ የቧንቧው ሽፋን ባሬት ወደሚባል ሁኔታ የተቀየረ፣ ወይም ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅና አስፕሪን የማይቀርለት ሰው መድኃኒቱን ከዜና ሰምቶ ማቆም የለበትም። ለእነሱ መቀጠሉ ሕክምና ነው።

ስለ ምግብ ከሁሉ ይበልጥ ይወራል፤ እኔ ግን አጠር አደርገዋለሁ። በርበሬ የቆሰለን ጨጓራ ያቃጥላል፣ ቁስለቱን ግን የፈጠረው እሱ አይደለም። ለዓመታት አልጫ ሽሮ ብቻ እየበሉ ቃራቸው ያልቀነሰላቸው ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱም የቃር ዋና ጉዳይ ስንት ሰዓት ተበላ፣ ምን ያህል ተበላ የሚለው ነው። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ማብቃት፣ የአልጋን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከእግሩ ሥር ከፍ ማድረግ፣ በግራ ጎን መተኛት፣ በወገብ ዙሪያ ያለ ክብደትን መቀነስ፦ እነዚህ በጥናት የተደገፉ ናቸው። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ አይረዳም። ቡናን፣ ጎመንዘሩን፣ ቲማቲሙን በሙሉ መከልከል አያስፈልግም፤ አንዱን ለሁለት ሳምንት ትቶ ለውጥ ካልመጣ መመለስ ይቻላል። ወተት ለደቂቃዎች ያስታግሳል፣ ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ግን ቆይቶ አሲድ ያስነሳል። ተልባ ብዙዎችን ያለዝባቸዋል፣ ጠንካራ ጥናት ባይኖርለትም የሚከለከል አይደለም፤ ባክቴሪያ ግን አያጠፋም። ጫት ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ሲጋራና አልኮል ደግሞ የጡንቻውን ቀለበት ያላላሉ። ሦስቱ በአንድ ማምሻ ሲገናኙ መድኃኒቱ ምን ያድርግ?

ጾም የብዙ ታማሚ ጭንቀት ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰውም ሆነ በረመዳን ውሎ የሚያፈጥር ሰው፣ ቀላል ቃር ያለበት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጾሙን መጾም ይችላል፤ የሚጎዳው ማታ አከታትሎ ብዙ በልቶ ወዲያው መተኛት ነው። መድኃኒቱንም ጠዋት ባዶ ሆድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመቆየት ከመጀመሪያው ምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት መውሰድ ይሻላል። ለሚያፈጥር ሰው ይህ ግማሽ ሰዓት ገና በጾም ላይ ስለሚውል ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተማክሮ ማስተካከል ነው፤ ብዙዎች ከሱሑር (ከንጋት በፊት ከሚበላው ምግብ) በፊት ይወስዱታል። በቅርቡ የደማ ወይም ክፍት ቁስለት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን ወይም ኢማሙን ያነጋግር፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

የማይታለፉ ምልክቶችን በጨጓራ ስም መተው ሕይወት ያስከፍላል። ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ ከ60 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ሕመም፦ እነዚህ ኦሜፕራዞል ሳይሆን ኢንዶስኮፒ ይፈልጋሉ። በተለይ በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ስለሚታይ ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው «ምግብ ይይዘኛል» ሲል አንድ ሳምንት እንኳን መዘግየት የለበትም። ደግሞ ዕድሜው የገፋ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ደረቱን ሲጨንቀው፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ ግራ እጁና መንጋጋው ድረስ ሲሰማው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ሽሮፕ ሲጠጣ የልቡ ጡንቻ የሚሞትበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ሕመም በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ከቅባት ምግብ በኋላ በቀኝ ጎን የሚነሳና ወደ ትከሻ የሚሄድ ሕመም ደግሞ ሐሞት ከረጢት ሊሆን ይችላል፣ በአልትራሳውንድ ይታያል።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖችም አንድ ነገር። ኤች ፓይሎሪ ያን ያህል በማይበዛበት አገር ያለ ሐኪም ማቃጠል ሲሰማ በመጀመሪያ የሚያስበው ቃርን ነው፣ አሲድ ቀናሽ አዝዞ ይሸኛል። «ተወልጄ ያደግሁት ባክቴሪያው በብዛት በሚገኝበት አገር ነው፣ መመርመር እፈልጋለሁ» ማለት ውይይቱን ይቀይረዋል። ምርመራው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቢደረግ ሁለት ሳምንት ማቆም የሚባለው ጣጣ አይመጣም።

መድኃኒት በትክክለኛው መጠንና ሰዓት ወስደውም የማይሻላቸው ጥቂቶች ይቀራሉ። ለእነሱ በቀጭን ቱቦ የ24 ሰዓት የአሲድ ልኬት አለ፤ በእርግጥ ቃር መሆኑን ይለያል፣ ቀዶ ሕክምና ከመታሰቡ በፊት ብዙ ጊዜ ግድ ነው። የጨጓራን አናት በቧንቧው ዙሪያ የሚጠቀልለው፣ በሩዶልፍ ኒሰን ስም የሚጠራው ቀዶ ሕክምና በተመረጡ ታማሚዎች ላይ ጥሩ ውጤት አለው፤ ለማግሳት መቸገርና ለመዋጥ መክበድ ግን ሊከተሉ ይችላሉ። ከምግብ ሰዓት ጋር የማይታሰረው ቮኖፕራዛን የተባለው አሲድ ቀናሽም በጃፓን ከጸደቀ ዐሥር ዓመት አልፎታል፣ አሜሪካም በ2023 ለቆሰለ የምግብ ቧንቧ ፈቅዳዋለች።

የጨጓራ መቆጣት ለዓመታት ሲቆይ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ቀጥሎም የአንጀትን ሽፋን ወደመምሰል ይቀየራል፤ ከካንሰር በፊት ያሉ ደረጃዎች ናቸው። ለውጡ ጨጓራውን በስፋት ሲይዝ የአውሮፓ መመሪያ በየሦስት ዓመቱ ኢንዶስኮፒ ይመክራል። ይህን የሚናገረው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ታይቶ የሚጻፈው ውጤት ነው፣ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ብዙ ሰው ሳይወስደው ይቀራል። ኢንዶስኮፒ የተደረገለት ሰው ናሙና ተወስዶ እንደሆነ ይጠይቅ፣ ከሆነ ውጤቱን ተመልሶ ይቀበል፣ ቅጂውንም ከኤች ፓይሎሪ ምርመራው ቀንና ዓይነት ጋር ለሚቀጥለው ሐኪም ያስቀምጥ።